ያወፈርኩት ሰው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለመኝ። ንግግር አድርግ ስባል ብዙ አላወቅሁበትም። «እኔ በዚህ ቤት የሠራሁት ሥራ ሰው ያለልኩ እንዳይወፍር መጠበቅ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ቤቱ ሳቀ። አዲሱ ኃላፊያችን ስለ አመጋገብ የተናገርኩ መስሏቸው «ጋሽ አበራ ትክክል ናቸው፣ ጨውም መቀነስ አለብን» ብለው ጨመሩበት። እኔም ሰውየውን ማሳፈር አልፈለግሁምና ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

ነገሩ የጨው አልነበረም። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የፎቶ ክፍል ከሰማንያዎቹ አጋማሽ ጀምሬ ጡረታዬ እስኪደርስ ሠርቻለሁ። መታወቂያ እናነሳለን፣ ስብሰባና ምርቃት እናነሳለን፣ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ የወረቀቱንና የቀለሙን ብቻ በደረሰኝ እያስከፈልን ለባላገሩ የሟች ፎቶ እናጎላለን። ደመወዜ መቼም ሰው የሚቀናበት አልነበረም፤ ሥራዬን ግን ወድጄው ነው የኖርኩት። ዛሬም ቁጭ ብዬ ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ከአንዱ በቀር። እሱንም እነግራችኋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ መርሻ ናቸው። ደሴ ተወልደው ሰቆጣ ያረጁ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ሰው ነበሩ። የፎቶ ክፍሉ ማለት እሳቸው፣ አንድ ጠባብ ጨለማ ክፍል፣ አንድ ቀይ አምፖልና አንድ ማጉያ መሣሪያ ነበር። ያኔ ከተማዋ መብራት የምታገኘው ከጄኔሬተር፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ድንገት ከጠፋ ወረቀቱ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ እንዳለ ይበላሻል፤ ጋሽ መርሻም ጄኔሬተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ይሰድቡታል። በነጋታው ደግሞ ፈልገው ቁርስ ይጋብዙታል።

ከእሳቸው ልማድ ሁሉ አንዱ እጄ ላይ ቀርቷል። ፎቶ አጉልተው ሲጨርሱ ከደረት ኪሳቸው ነጭ ክር ያወጣሉ። ክሩን ከአንዱ ዓይን ጥግ እስከ ሌላው ዓይን ጥግ ይለኩና በጥፍራቸው ይይዙታል። ከዚያ ያንኑ ልክ ከቅንድብ ወደ አገጭ ያወርዱታል። ስንት ጊዜ እንደሚሄድ በትንሿ ፎቶ ላይ አስቀድመው ቆጥረዋል፤ በትልቋም ያው መሆን አለበት። ሁልጊዜም ያው ነው፤ ማጉያው ፊትን ወደ ላይም ወደ ጎንም እኩል ነውና የሚያሳድገው።

«መሣሪያው አይሳሳትም፣ ታዲያ ለምን ይለካሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔ መች መሣሪያውን ለካሁ? ዓይኔን ነው የምለካው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ፍሬም ከፎቶ ይቀድማል። የሟች ሙት ዓመት ሲቃረብ ቤተሰብ መጀመሪያ ገበያ ወጥቶ ፍሬም ይገዛል። ነጋዴ የሚያመጣው ፍሬም ደግሞ ውስጡ ፏፏቴ ወይም የውጭ አገር አበባ ያለበት፣ ወደ ጎን የተንጣለለ ነው። ፏፏቴው ይወጣና ሟች ይገባል። ስለዚህ ባለጉዳይ ወደ እኛ የሚመጣው ፍሬሙን በብብቱ ይዞ ነው፤ «ይህችን ሙላልኝ» ይላል። ጋሽ መርሻ ግራና ቀኙን በብሩሽ በቀቡት ደመና ይሞሉታል እንጂ ሰውየውን አይነኩም። «ደመናው ሲሰፋ ይስፋ፣ ሰውየውን ተወው» ይሉኝ ነበር።

መሀል ላይ መታወቂያ ለማንሳት ሁለት ዓመት አምደወርቅ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሬ ከየቀበሌው በእግሩ የመጣውን ሰው ሳነሳ እውላለሁ። ጥምጣሜን አላወልቅም ካሉኝ ቄስ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሬያለሁ፤ በመጨረሻ ከነጥምጣማቸው አንስቻቸው ሰቆጣ ላይ እኔ ተወቀስኩ። ከዚያ ባለቀለም ፊልም መጣ፤ ፊልሙን ጠቅልለን ደሴ በአውቶቡስ እንልካለን፣ ሲቀናን በሳምንቱ፣ ሳይቀናን በወሩ ይመለሳል። ጋሽ መርሻ ባለቀለሙን አልወደዱትም። ጡረታቸው ሲደርስ ክሩን ሰጥተውኝ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ።

ኮምፒውተር የመጣው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ሁለት ሳምንት ሠለጠንኩ። ጎበዝ፣ እንደዚያ የተደነቅሁበት ጊዜ የለም። ፎቶው በሌየር ይከፈላል፤ አንዱ ሌየር በሌላው ላይ እንደተነባበረ መስተዋት ነው። ታች ጀርባውን ታደርጋለህ፣ ከላዩ አንዱን ሰው፣ ከእሱ በላይ ሌላውን። በሕይወታቸው አንድ ላይ ቆመው የማያውቁ ሰዎችን ጎን ለጎን ታቆማለህ። አንዱን ሌየር ስትነካው ደግሞ ዙሪያውን ስምንት ትንንሽ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ አራቱ በማዕዘኖቹ፣ አራቱ በጎኖቹ ላይ። እነዚያን ይዘህ ስትጎትት ፎቶው ያድጋል፣ ያንሳል። እኔ ጆሮ እላቸው ነበር፣ እንደ ማሰሮ ጆሮ ይዘህ ስለምታነሳቸው። የማዕዘኑን ጆሮ በአግባቡ ከጎተትክ ሰውየው እንደ ማጉያው እኩል ያድጋል። የጎኑን ከጎተትክ ግን ወደ ጎን ብቻ ይሰፋል። ይህን አስተማሪው ነግሮን ነበር፣ እኔም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ወይዘሮ እንይሽ የመጡት ኮምፒውተሩ ገና አዲስ ሳለ ነው። ከደሃና ገጠር አምደወርቅ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በመኪና። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አዝለዋል፣ በብብታቸው ፍሬም ይዘዋል። ባለቤታቸው አቶ ደምሌ ታመው ሞተው ሙት ዓመታቸው ደርሶ ነበር። ከእሳቸው የቀረው ፎቶ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት አንድም ቀን አብረው ተነስተው አያውቁም።

«አጠገቤ አድርግልኝ፣ ወንድሜ» አሉኝ።

እሳቸውን አነሳኋቸው፣ የባለቤታቸውን ከመታወቂያው ቀዳሁ፣ ሁለቱን በሁለት ሌየር አድርጌ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። አማረልኝ። ፍሬሙ ግን ሰፊ ነውና በአቶ ደምሌ በኩል ባዶ ቦታ ተረፈ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ኃላፊያችን ባዶ ቦታ ሲያዩ የሚያማቸው ሰው ነበሩ፤ ሪፖርት እንኳ ዳርና ዳሩ ነጭ ከሆነ ይመልሱታል። ከኋላዬ ቆመው «ሰውየውን ሳብ አድርገውና ይሙላ» አሉኝ። በእሳቸው ማላከኬ አይደለም፤ ማውሱን የያዘው የእኔ እጅ ነው። የጎኑን ጆሮ ይዤ ሳብ አደረግሁት። ቦታው ሞላ። አቶ ደምሌ ጠባብ ፊት፣ ሹል አገጭ ያላቸው ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ጉንጫቸው ተነፋ፣ አገጫቸው ክብ ሆነ። እኔ ግን ያየሁት የሞላውን ፍሬም ነው። ክሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም።

ወይዘሮ እንይሽ ፎቶውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄ…» አሉና ተዉት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመሃል» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። ዝምታቸውን ሐዘን ነው ብዬ ተረጎምኩት። እንዲያውም ኮራሁበት። ቅጂውን ለናሙና ግድግዳችን ላይ ልሰቅለው ነበር፤ ቀለም አልቆብኝ ነው የተውኩት።

ሰባት ዓመት ያህል አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን በራችን ላይ ወይዘሮ እንይሽ ያንኑ ፍሬም በነጠላ ጠቅልለው ቆሙ። ዝናብ ገብቶበት ዳርና ዳሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ እንዲታተምላቸው ነው የመጡት። አብራቸው ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች፣ ትብለጥ ትባላለች፤ ያቺ ያዘሏት ሕፃን ናት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ አንድ በአንድ እየጮኸች ታነባለች። እኔም ልጅ ሲያዩ እንደሚባለው «አንቺስ ማንን ነው የምትመስይው?» አልኳት።

«ማንንም» አለችኝ። ንባቧን አቆመች።

እናቷ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ነገሩን ለማለፍ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማየት ጀመርኩ፣ እጄም ሳላዘው ክሩን አወጣ። የዓይኖቹን ርቀት ይዤ ወደ አገጭ ሳወርደው ፊቱ ቶሎ አለቀብኝ። ደግሜ ለካሁ። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት ያለው ሰው አላነሳሁም።

«እትዬ እንይሽ፣ ይሄ ባለቤትዎን ይመስላል?»

ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። «አይመስልም» አሉ ቀስ ብለው። «ከመጀመሪያውም አይመስልም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ደክመህበታል። ደሞ ዘመዱ ሁሉ ወደደው። ደምሌ በሽታ አክስቶት ነው የሞተ፤ ወፍሮ ሲያዩት ጠግቦ የኖረ መሰላቸው፣ ደስ አላቸው። እኔ ብቻዬን አይደለም ልበል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በኋላ ይቺ አደገች። አባትሽን ነው የምትመስይው እላታለሁ። ፎቶውን ታያለች፣ መስተዋት ታያለች። ትምህርት ቤት ልጆቹ ከመንገድ የተገኘሽ ነሽ ይሏታል። ከእኔ ይልቅ ፎቶውን አመነች፣ ወንድሜ።»

እኔ አንድ ጆሮ በመጎተት አንዲትን ልጅ ከአባቷ ለይቻታለሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉም ደህና ሠራሁ ብዬ ተኝቻለሁ።

ማረም ቀላል መስሎኝ ነበር። መታወቂያውን ጠየቅኋቸው፤ ድሮ ጠፍቷል። ያኔ የሠራሁበት ኮምፒውተር ተቃጥሎ ከነሆዱ ተጥሏል። የቀረው ያው ያወፈርኩት ፎቶ ብቻ ነው። መልሼ ላጥብበው ብል ምን ያህል እንዳሰፋሁት የትም አልተጻፈም። ባጠብበው ባጠብበው የት ላይ ልቁም? ገምቼ ብሠራ ሌላ ሦስተኛ ሰው ልሰጣቸው ነው። ከተማ ዘመድ ቤት እንደሚያድሩ ሲነግሩኝ በሦስተኛው ቀን ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው።

እግዜር ሲረዳ በዚያው ሳምንት ሕይወት የምትባል ፕሮግራም ሠሪ ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። አዲስ የመታወቂያ ፕሮግራም እየገጠመችልን ነው፤ ውስጡ የፎቶ ማስተካከያ መስኮት አለው። ዝግጁ የሆነ ማስተካከያ ወስዳ ነው የሰካችበት፤ ከነስምንት ጆሮው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። «እነዚህን የጎን ጆሮዎች ቁረጫቸው» አልኳት።

«መቁረጥ ይቻላል ጋሽ አበራ፣ ግን ለጀርባው ያስፈልጋሉ» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ተነጋግረን የጎኖቹ ጆሮዎች ሰው ያለበትን ሌየር እንዳይነኩ፣ ጀርባውን ብቻ እንዲያሰፉ አደረገች። የማዕዘኖቹ አራቱ ሰውየውን እኩል ያሳድጉታል እንጂ ሌላ ነገር አይችሉም። ዓይኔ ስለደከመ ተለቅ አድርጋ አረንጓዴ ቀባቻቸው። ለቸገረው ብቻ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ሰውን ወደ ጎን ማጥበብ ወይም ማስፋት ይቻላል።

«ሠራተኛው ሲያሰፋው ታዲያ ፕሮግራሙ ይናገር» አልኳት።

«መቼ ይናገር? አንድ ጆሮ ሲነካ ሦስት ነገር ነው የሚሆነው፤ ይያዛል፣ ይጎተታል፣ ይለቀቃል። ለሦስቱም ለየብቻ ነው ትእዛዝ የሚጻፈው። እርስዎ የትኛው ላይ ይፈልጋሉ?»

አሰብኩበት። «ሲይዝ ሰው ገና አላጠፋም። ሲጎትት ደግሞ አይሰማም፤ እኔ አልሰማሁም። ሲለቅ ነው መንገር። ከስንት ወደ ስንት እንዳደረገው ይንገረው፣ ከፎቶውም ጋር ጽፎ ያስቀምጥ፤ ከሰባት ዓመት በኋላም እንዲገኝ።»

«ሠራተኛው ይሰለቻል እኮ፣ ጋሽ አበራ።»

«ይሰልች።»

ሳቀችና ጻፈችው። በነጋታው በእሷው መስኮት ላይ አቶ ደምሌን ለብቻቸው ቆርጬ አወጣሁ። ጠበብ አድርጌ ለቀቅሁ፣ ከመቶ ዘጠና አምስት ብሎ ጻፈልኝ። ደግሜ ጠበብ አደረግሁ፣ ዘጠና። እያንዳንዱ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ሁሉም ሰው ይመስላል፣ የትኛው እሳቸው እንደሆኑ ግን አላውቅም። እኩለ ቀን ድረስ ተቀመጥኩ። ሕይወት ምሳ ልትወጣ ስትል ከኋላዬ ጎንበስ ብላ «ሸሚዛቸው ላይ ያለው ምንድነው?» አለች። አንገትጌያቸው ሥር አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች። አየኋት፤ እንቁላል መስላለች። የሸሚዝ ቁልፍ ደግሞ ሰቆጣም ሆነ ደሃና ክብ ነው!

ምሳ ቀረ። ፊታቸውን ትቼ ቁልፏን ብቻ እያየሁ አጠበብኩ። ስለቅ ይጽፋል፣ በክሩ ቁልፏን ወደ ጎንና ወደ ታች እለካለሁ፣ እንደገና አጠብባለሁ። ሰባ ስምንት ላይ ቁልፏ ክብ ሆነች። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ጠባብ ፊት፣ ሹል አገጭ ያላቸው ቀጭን ሰው። ከዚያ ከባለቤታቸው አጠገብ መልሼ አቁሜያቸው የቀረውን የፍሬም ቦታ በጀርባው ጆሮ ሳብ አድርጌ ደመና ሞላሁበትና አተምኩት።

በፕሮግራሙ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መሥሪያ ቤታችን ይሠራበት ነበር። ወጣቶቹ ጆሮ ይዘው ሲለቁ የሚመጣውን ማስታወቂያ «የጋሽ አበራ ቁጣ» ይሉታል። ያማርሩበታል፣ እኔም እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል። ለጋሽ መርሻ ደውዬ ነገሩን ሳጫውታቸው «ክሩን ሳታወጣ ምን አስቸኮለህ?» ብለው ጮኹብኝ፤ ሲዘጉ ግን እየሳቁ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስና፣ በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ መጡ። ፎቶውን ፍሬሙ ውስጥ አግብቼ ጠረጴዛው ላይ አቁሜዋለሁ። ወይዘሮ እንይሽ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና «ደምሌ» አሉ፤ የተቀመጠ ሰው እንደሚጠሩ።

ትብለጥ ግን ወደ ፎቶው ተጠጋች። ባለጉዳይ መታወቂያ ሳይነሳ ፀጉሩን የሚያበጥርበት መስተዋት ግድግዳው ላይ አለን። ፍሬሙን በሁለት እጇ ታቅፋ ወደዚያ ሄደች፣ ከጉንጯ አጠገብ አድርጋ አየች። አንዴ ራሷን፣ አንዴ አባቷን። በአንድ እጇ አገጯን ነካች፣ ከዚያ በመስተዋቱ ላይ የእሱን። የምታነበው ነገር ያለ ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ወረቀት እንደምፈልግ ሆኜ መሳቢያዬን ከፈትኩ፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ዞር ስትል እናቷን በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና ነው ያናገረቻቸው፤ እኔም ቋንቋው ያፌ መፍቻ ስለሆነ ሰማሁ።

«እማ፣ ትምህርት ቤት ይዤው ልሂድ?»

«የፍሬሙ መስተዋት ይሰበራል። ደሞ ይከብድሻል» አሏት።

ትብለጥ ፍሬሙን ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አስተካከለችው።

«አይከብደኝም» አለች። «አባቴ ቀጭን ነው።»